የማይለጠጠው ፊኛ

«ፊኛ ነው የነፉብኝ» አለኝ። ሳቅ አለ፤ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ነን። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ድሬ ሁሉ ደጅ ይወጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲፈታና ሲገጥም ጨርሶታል። አባቴ ይሆናል፤ ግን ድሬ ነውና አንቱ አልለውም። አንቱ ካልኩት ይቆጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ የልቡ ደም ቧንቧ ተከፍቶለት መጥቷል። በእጁ አንጓ በኩል ገቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳያደነዝዙት ሰሩ፣ በማግስቱ ሸኙት።

ያልዋጠለት ነገር አለ። «እኔ የማውቀው ፊኛ ስትነፋው ይወጠራል። ትንሽ ከበዛበት ቧ! ይላል። እሱ ነው ድንጋይ የመሰለውን ነገር የሚሰብረው? አቦ፣ የሆነ ነገር ደብቀውኛል።»

ማንም አልደበቀውም። ጥርጣሬው ግን የመካኒክ ጥርጣሬ ነው፤ ልክ ነው። እሱ በሚያውቀው ፊኛ ይህ ሥራ አይሰራም። እኔ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ስለተማርኩ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። ለእሱ ያልኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ፊኛ በአማርኛ የሽንት ማጠራቀሚያውም ስም ነው። በበዓል ማግስት የበሬ ፊኛ ነፍቶ ኳስ ያደረገ ሰው ያውቀዋል። የሽንት ፊኛም የልደት ፊኛም አንድ ጠባይ አላቸው፤ ይለጠጣሉ። የልብ ደም ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ግን እንዳይለጠጥ ተብሎ የተሰራ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መዘጋቱን እንየው። የድሬ ሰው የተደፈነ ቧንቧ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ውሃችን ካልሲየም የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበቅላል። የሻወሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይደፈናል። ስለዚህ ሰው «ደም ስሩ ተደፍኗል» ሲባል ያው የቤቱ ቧንቧ ነው የሚታየው። ግማሹ ልክ ነው። የልብ ደም ቅዳዎችም ከጊዜ ብዛት ይጠባሉ፤ ያረጀው ክምችት ውስጥ ካልሲየምም ይገባል። (በውሃችን ምክንያት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም። የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ሄዶ ልብ ላይ አይለጠፍም።)

ልክ ያልሆነው ግማሽ ይሄ ነው። የቤቱ ቧንቧ ቅርፊት ከውስጥ ገጽታው ላይ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። ፍቀው ያነሱታል። የደም ቅዳው ክምችት ግን በራሱ በግድግዳው ውስጥ፣ በሥጋው ንብርብር መሃል ነው የተቀበረው። ስብ አለው፣ ጠባሳ አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ላዩን ስስ ሽፋን ለብሷል። የሚፋቅ ነገር የለም። ፊኛውም አይጠርግም። የሚያደርገው ክምችቱን መሰንጠቅና ግድግዳውን ወደ ውጭ መግፋት ነው። ቆሻሻው እዚያው ይቀራል፤ መንገዱ ነው የሚሰፋው። «ጠረጉልኝ» የሚል ታካሚ ካጋጠማችሁ፣ አልጠረጉለትም።

አሁን የልደት ፊኛውን እዚያ ውስጥ አስገቡት እንበል። የልብ ደም ቅዳ ስፋቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም የሚይዘውን ቀጭን ቱቦ አስቡ። መሃሉ ላይ ጠንካራ ጥበት አለ፤ ከጥበቱ ወዲህና ወዲያ ጤነኛና ለስላሳ ነው። ፊኛውን ስንነፋው ወዴት ያብጣል? ወደቀለለው። ጎሚስታ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ከመነዳሪው ሁልጊዜ ጎማው በተቀደደበት በኩል ነው እንደ እንቁላል ብቅ የሚለው። እዚህም ፊኛው ወዲያና ወዲህ ጫፉ ላይ ያብጣል፣ መሃሉ እንደታነቀ ይቀራል። ባለሙያዎቹ መልኩን አይተው የውሻ አጥንት ይሉታል። ግፊት በጨመርክ ቁጥር ጤነኛው ቦታ ይቀደዳል፤ የታመመው ቦታ አይነካም። ከዚህ የከፋ መሣሪያ የለም።

ስለዚህ የተፈለገው ሌላ ዓይነት ነገር ነው። 3 ሚሊሜትር ከተባለ 3 ሚሊሜትር ላይ ደርሶ የሚቆም። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ቢጨመር ቢጨመር የማይሰፋ። እንዲያ ከሆነ ጫፎቹ ማበጥ አይችሉም፤ የቀረው ጉልበት ሁሉ ገና 3 ያልደረሰው ጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል። ፊኛው ጉልበት ያገኘው ወሰን ስላለው ነው።

ይህ እስኪገባ ጊዜ ወስዷል። በአውሮፓውያን 1963 አሜሪካዊው ቶማስ ፎጋርቲ አንድ ካቴተር፣ ማለትም ደም ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ይዞ ብቅ አለ። ከቀዶ ሕክምና ጓንት ላይ የጣቱን ጫፍ ቆርጦ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አሰረው። ዓሣ አጥማጅ ስለነበር አስተሳሰሩን ከመንጠቆ ሥራ ነው ያመጣው። እሱ የፈለገው ግን የሚለጠጥ ፊኛ ነበር፤ ሥራውም ሌላ ነው። የረጋ ደም ካለበት አልፎ ይገባል፣ እዚያ ይነፋል፣ ወደ ኋላ ሲጎተት ደሙን እየጠረገ ይወጣል። የቧንቧው ስፋት ሲለዋወጥ ፊኛውም አብሮ መለዋወጥ አለበት፤ ለዚያ ጎማ ይመቻል። እስከዛሬም ይሰራበታል። በ1964 ደግሞ ቻርልስ ዶተር የተባለ ሐኪም የአንዲት አሮጊትን እግር ከመቆረጥ አዳነ። እሱ ፊኛ አልነበረውም። ቀጭን ቱቦ አስገባ፣ በላዩ ወፈር ያለ ጨመረ፣ መንገዱን እንደ ሽብልቅ አሰፋው። ችግሩ፣ ወፍራሙ ቱቦ ለመግባት ቆዳው ላይም ወፍራም ቀዳዳ ይፈልጋል።

እንግዲህ ቀጭን ሆኖ ገብቶ፣ ቦታው ሲደርስ ብቻ የሚሰፋ፣ ሰፍቶም ልኩን የሚያውቅ ነገር ያስፈልግ ነበር። ይህን የሰራው አንድሪያስ ግሩንትዚግ ነው። ጀርመናዊ ነው፤ ዙሪክ ውስጥ ይሰራ ነበር። ፊኛውን የሰራው ቤቱ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሚስቱና ረዳቱ አብረውት እየቆረጡና እያጣበቁ። ጎማ ሞከረ፣ እንዳልኩት ጎማ አይሆንም። በመጨረሻ ከፒቪሲ ሰራው። አዎ፣ የውሃ ቧንቧ የምናውቀው ፒቪሲ ዘመድ ነው። በ1974 እግር ላይ ተጠቀመበት። መስከረም 16 ቀን 1977 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ38 ዓመት ሰው ልብ ላይ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይም ያ ቦታ ክፍት ነበር። ግሩንትዚግ ግን ያን ጊዜ አልነበረም፤ በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል፣ በ46 ዓመቱ።

ዛሬ ፊኛው ከምን ይሰራል? እዚህ ላይ ጎረቤቴ አጠገብ የነበረውን የውሃ ሃይላንድ አንስቼ ሰጠሁት።

ቀልድ መሰለው። አይደለም። ሃይላንዱ ስር፣ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር አለ። ያ ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ነው። በጣም ጠንካራዎቹ የደም ቧንቧ ፊኛዎችም ከዚሁ ፔት ይሰራሉ። ሌሎቹ ከናይለንና ከናይለን ዘመዶች። የአሰራሩም መንገድ አንድ ነው። ሃይላንድ ከፋብሪካ ሲጀምር አጭርና ወፍራም ቱቦ ነው። ይሞቃል፣ ወደ ታች ይሳባል፣ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በአየር ይነፋል። አንገቱን ተመልከቱት፤ ወፍራም ነው፣ አልተነፋም። ሆዱ ግን ስስ ነው። ግን ሆዱን በጣታችሁ ለመለጠጥ ሞክሩ፤ እምቢ ይላል።

ምስጢሩ መሳቡ ነው። ፕላስቲክ ውስጡ የተዘበራረቀ ክር ነው፤ ያልተፈተለ ጥጥ በሉት። ሞቅ ብሎ ወደ ቁመትም ወደ ዙሪያም ሲሳብ ክሮቹ ይሰለፋሉ። ጥጡ እንደተፈተለ ይሆናል። ጥጥ ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ የተፈተለ ክር ግን ይጠብቃል እንጂ አይለጠጥም። የደም ቧንቧው ፊኛም እንዲሁ ነው፤ ለመለጠጥ የነበረውን አቅም ፋብሪካ ውስጥ ጨርሶ ነው የሚወጣው። ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ሻይ ይጨምር። ይጨማደዳል፣ ወደ ድሮው ለመመለስ ይሞክራል። የድሬ ልጅ ይህን ሳያይ አላደገም።

ናይለኑ ትንሽ ይሰጣል። 3 ሚሊሜትር የተባለው ግፊቱ ሲበዛበት ወደ 3.3 ሊጠጋ ይችላል። ፔቱ ከ3.1 ብዙም አያልፍም። ታዲያ ለምን ሁሉም ፔት አይሆንም? ፔት ደረቅ ነው። ሲታጠፍ እንደ ናይለን ለስለስ አይልም፣ በሹል ነገር በቀላሉ ይበሳል፣ ተነፍቶ ከተለቀቀ በኋላ ጥሩ አድርጎ አይታጠፍም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ በናይለኑ መንገድ ይከፍታሉ፣ አልበገር ያለውን ቦታ በጠንካራው ይጨርሳሉ። እያንዳንዱ ፊኛ ከነሰንጠረዡ ነው የሚመጣው፤ በዚህ ግፊት ይህን ያህል ይሰፋል ተብሎ ተጽፏል።

ግፊቱ ስንት ነው? ይህ ቁጥር ጎረቤቴን ዝም ያሰኘው ነው። የቤት መኪና ጎማ ከ2 አትሞስፌር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ማኪያቶ የሚያወጣው ማሽን 9 ገደማ ነው። የልብ ፊኛ ከ6 እስከ 10 ባለው ልኩን ይይዛል። ከዚያ 14፣ 16 ይደርሳል። ጠንካራዎቹ 20ን ያልፋሉ። ግድግዳው ግን ከሰው ጸጉር ይሳሳል፤ የሚሊሜትር መቶኛ ጥቂት እጥፍ ነው።

እንዴት ቻለው? ቀጭን ስለሆነ ነው። ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ጫና በግፊቱ ብቻ አይወሰንም፤ ግፊቱ በቱቦው ስፋት ተባዝቶ፣ በግድግዳው ውፍረት ተካፍሎ ነው። ጠባብ ቱቦ በስስ ግድግዳም ብዙ ይችላል። ሰፊው ፊኛ፣ ለምሳሌ ለሆድ ትልቁ ደም ቅዳ የሚሆነው፣ ያን ያህል ግፊት አይሰጠውም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ትልቁ ፊኛ ጠንካራው ይመስለዋል።

ቢፈነዳስ? አንዳንዴ ይፈነዳል። ካልሲየም ሹል ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ታስቧል።

አንደኛው አቀዳደዱ ነው። በቱቦ ላይ ዙሪያውን የሚስበው ኃይል ቁመቱን ከሚስበው እጥፍ ነው። ለዚህ ነው የፈነዳ የውሃ ጎማ ሁልጊዜ በቁመቱ የሚተረተረው። ፊኛውም በቁመቱ እንዲተረተር ነው የሚፈለገው፤ የተተረተረው ሙሉ ሆኖ ተጎትቶ ይወጣል። በዙሪያው ከተቆረጠ ግን ጫፉ ተለይቶ እዚያ ሊቀር ይችላል። ማሸጊያው ላይ «ከዚህ ግፊት አትለፍ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርም ዝም ብሎ አይጻፍም። ከ1,000 ፊኛ ቢያንስ 999ኙ በዚያ ግፊት ሳይፈነዱ እንደሚቆዩ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መታየት አለበት።

ሁለተኛው የሚነፋበት ነገር ነው። ነፉብኝ ቢልም አየር አይደለም። የጨው ውሃና በራጅ የሚታይ ፈሳሽ፣ አዮዲን ያለበት፣ ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ቢፈነዳ አየር ደም ውስጥ ከገባ አደጋ ነው፤ ፈሳሹ ግን ከደሙ ጋር ይሄዳል። ደግሞም ፈሳሽ አይታመቅም፤ ፈሳሹን የሚገፋውን ባለመለኪያ ጠመዝማዛ ሲያዞሩት ጉልበቱ ያለ ብክነት ይደርሳል። ደግሞም በስክሪን ይታያል። ሐኪሙ የሚያየው ፊኛውን ሳይሆን ፈሳሹን ነው። መሃሉ ወገቡ እንደታሰረ ይታያል፣ ግፊቱ ይጨመራል፣ ወገቡ ድንገት ፈታ ይላል። ያን ጊዜ ክምችቱ ተሰነጠቀ።

«ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ» አለ ጎረቤቴ። እሷ ናት። ፊኛው በተነፋ ሰዓት ደም አያልፍም፤ ልብ ይራባል። ስለዚህ ለሰከንዶች፣ ቢበዛ ለደቂቃ ገደማ ይነፋና ይለቀቃል።

አሁን ወደሚያውቀው ነገር ልግባ፤ ሐዲድ። መጀመሪያ የሚገባው ፊኛው አይደለም፣ ሽቦ ነው። ውፍረቱ 0.36 ሚሊሜትር። ጥበቱን አልፎ ወዲያ ማዶ ይቆማል። ፊኛው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ድሮ ፊኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽቦውን ይለብሰው ነበር። እሱን አውጥቶ ሌላ ለመቀየር 3 ሜትር ሽቦና ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ኋላ ላይ ሽቦው በፊኛው ጫፍ በኩል 25 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ገብቶ በጎን እንዲወጣ ተደረገ። አንድ ሰው ብቻውን ይቀይረዋል። ስሙን ሞኖሬል አሉት፤ ባለ አንድ ሐዲድ እንደማለት ነው። ጡረተኛዬ ይህን ሲሰማ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ የሳቀው።

ልክ ልኩም ባቡር ባቡር ይላል። የካቴተር ውፍረት የሚለካው ፍሬንች በሚባል መለኪያ ነው። ፈረንሳዊ መሣሪያ ሰሪ ያመጣው ነው፤ 3 ፍሬንች 1 ሚሊሜትር ነው፣ ፊኛው የሚያልፍበት ቱቦ 6 ፍሬንች ከሆነ 2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለገሃር ብሎ ከፈረንሳይ ለወረሰ ከተማ ብዙም እንግዳ አይደለም። ፊኛውም ከደም ቧንቧው ስፋት ጋር መገጣጠም አለበት። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊሜትር፤ የአንዱ ፉርጎ በሌላው አይሄድም። እዚህ ግን ልዩነቱ የግማሽ ሚሊሜትር ጉዳይ ነው። ካነሰ አይከፍትም፣ ከበዛ ይቀድዳል።

ዘንጉ ሌላ ጣጣ አለው። ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚህ ጫፍ ሲገፉት በዚያ ጫፍ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ጠንካራ ይሁን። ልብ ጋ ሲደርስ መጠማዘዝ አለበት፤ ስለዚህ ለስላሳ ይሁን። የእርጥብ ፓስታ ጫፍ ይዞ መግፋት የሞከረ ያውቀዋል። መፍትሔው ጅራቱን እንደ መርፌ ባለ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ጫፉን በለስላሳ ፕላስቲክ መስራት ነው። መሸጋገሪያው ድንገተኛ ከሆነ እዚያ ላይ ይሰበራል። ላዩ ሲረጥብ እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን አለው። ፊኛው ጫፍ ጋ ፕላቲነም ቀለበቶች አሉ፤ በራጅ የት እንዳለ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ተሳክቶ ሲወጣስ? ፊኛ ብቻውን ተጠቅሞ መተው ድሮ ቀረ ማለት ይቻላል። የተገፋው ግድግዳ መልሶ ይሰበሰባል፣ ጠባሳም ያበቅላል፤ በስድስት ወር ውስጥ ከሦስት ሰው የአንዱ ያህል መልሶ ይጠብ ነበር። ከ1986 ጀምሮ ስቴንት መጣ፣ የብረት መረብ። ፊኛው ላይ ተጣብቆ ይገባል፣ ፊኛው ሲነፋ ይዘረጋል፣ ፊኛው ይወጣል፣ እሱ ይቀራል። ጎረቤቴም የተቀመጠለት ይሄው ነው። መድኃኒት የተቀባ ፊኛም አለ፤ ግድግዳውን ተጭኖ መድኃኒቱን ትቶ የሚወጣ። ካልሲየሙ አልሰበርም ካለ ደግሞ ውስጡ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያወጣ አለ። በ4 አትሞስፌር ብቻ ተነፍቶ፣ እንደ ኩላሊት ጠጠር በድምፅ ሞገድ ይሰነጥቀዋል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው፤ በጉልበት ያቃተውን በንዝረት።

ለእኛ አገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበን ጃፓናዊው ካንጂ ኢኑዌ የሰራው ይመስለኛል። እሱ ለቧንቧ ሳይሆን ለልብ በር ነው። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ጦስ የሚመጣው ሩማቲክ የተባለው በሽታ የልብ በሩን አጣብቆ ያጠበዋል፤ በአገራችን ብዙ ወጣት የሚጎዳው በዚህ ነው። የኢኑዌ ፊኛ የሚለጠጥ ነው፤ ግን መረብ አለበት፣ በቅደም ተከተል ነው የሚያብጠው። መጀመሪያ ፊቱ ያብጥና በሩን አልፎ ይያዛል። ቀጥሎ ኋላው ያብጥና በሩን መሃል ያደርጋል። መጨረሻ ወገቡ ይሰፋና የተጣበቀውን ይለያል። እዚህ የውሻ አጥንቱ ቅርጽ ሆን ተብሎ የመጣ ነው።

«ታዲያ የኔ ፊኛ የት አለ?» አለ።

ተጥሏል። አንድ ሰው ላይ ነው የሚሰራው። ለነገሩ ማውጣቱም ቀላል አይደለም። ሲገባ እንደ ጃንጥላ በሦስት ክንፍ ታጥፎ፣ ዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከ1 ሚሊሜትር ቀጥኖ ነው። ተነፍቶ ፈሳሹ ሲመጠጥ ግን ክንፎቹ የድሮ እጥፋታቸውን ካላስታወሱ እንደ ጠፍጣፋ ጨርቅ ይሆናል፣ ስቴንቱ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ፋብሪካው ሲያጥፈው በሙቀት እጥፋቱን ያስለምደዋል፤ እንደተተኮሰ የሱሪ መስመር።

ጎረቤቴ ሃይላንዱን ጨረሰና ክዳኑን ከፍቶ አየሩን አወጣ። ጨፍልቆ ጣቱ ላይ ለመጠቅለል ሞከረ። ሁለቱ ክንፍ ተኛለት፣ ሦስተኛው ቀጭ እያለ ተነሳ። መልሶ ያዘው። ሻይ ቀርቦለታል፤ አላየውም። አራተኛ ጊዜ ሲሞክር ተነስቼ ሄድኩ።